ሣህሉ ሳያውቅ የያዘው ደላላ

አለፈ! እልል በሉልኝ፣ አለፈ! ሦስቱም መምህራን ፈርመውለታል። ማለፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ፤ በማዕረግ ነው ያለፈው። ምደባውም ሩቅ አገር ሳይሆን እዚሁ እኛው ከተማ፣ ፕላን መሥሪያ ቤት ነው። ይህን በጣቢያው ስልክ ስሰማ ለትኬት የተሰለፈውን ሕዝብ ረስቼ መስኮቱን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ከፊት የነበሩት ሰውዬ መስኮቱን በሳንቲም ሲያንኳኩ ከፍቼ፣ ልጃችን ተመረቀ አልኳቸው። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው የኤረር ትኬታቸውን ቆረጡ። የድሬ ሰው እንዲህ ነው።

ልጁ የእኔ አይደለም። የጎረቤቴ የየሺአረግ ልጅ ሣህሉ ነው። ሣህሉ ወልደጻድቅ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የነበረው፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ምሩቅ። ሰፈራችን ከዚራ ውስጥ የዚህን ልጅ ታሪክ ግማሹን የማያውቅ የለም። ግማሽ ወሬ ደግሞ ከውሸት ይብሳል። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለኝ፣ ከአፉ የሰማሁት አለኝ። ባለፈው ዓመት ለቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ የጻፍኳት አጭር ጽሑፍ ከተወደደችልኝ ወዲህ ደግሞ እጄ ብዕር መፍራቱን ትቷል። ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ።

ሣህሉ ያደገው የባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው። አባቱ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ልጁ ገና በቁምጣ ሳለ የሚጠይቀው ጥያቄ ሰው ያስቃል። የጅቡቲው ባቡር ዘገየ ሲባል የሩዝ ዋጋ በዚያው ከሰዓት ይጨምራል፤ ባለሱቁ ጋ ያለው ሩዝ እኮ ያው የትናንቱ ነው፤ ታዲያ ምን ነክቶት ነው የተወደደው ይላል። አባቱ፣ ባቡሩን እኔ ጋ አምጣው፣ ሩዙን ግን እናትህን ጠይቃት ይሉት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ሲመርጥ ሰፈሩ አልገባውም። ሐኪም አይደለ፣ መሐንዲስ አይደለ። አንዷ ጎረቤታችን «የሽንኩርት ሐኪም ልትሆን ነው?» አለችው፤ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። ለዕረፍት ሲመጣ ልጆቹ ሽንኩርት እያሳዩ፣ ዶክተር፣ ይህ ይድናል ወይ ይሉታል። እሱም ሽንኩርቱን አገላብጦ አይቶ፣ ቅዳሜ ይብስበታል ይላል። ቅዳሜ በእርግጥም ይወደዳል።

አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ መጣ። ጓደኞቹ አንዳንድ ፋብሪካ መርጠው የተዘጋጀ የዋጋ ሠንጠረዥ ከቢሮ ተቀበሉ። የእኛው ሞኝ ግን የድሬዳዋን የቁም ከብት ገበያ መረጠ። መምህሩ በጣም ወደዱለት፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁት። ከቢሮ የተቀዳ ሠንጠረዥ ካመጣህ አልቀበልህም፤ ዋጋ ሲወለድ ራስህ ማየት አለብህ አሉት። ይህን ሳያደርግ ግንቦት ካለፈ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር አይቆጠርም። ካልተመረቀ ደግሞ የተማሪ መታወቂያው ያበቃል። የተማሪ መታወቂያ የሌለው ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ምን ብሎ ይመልሳል? የሺአረግ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። የቀበሌው ጥበቃ በየጠዋቱ በሯ ላይ ቆሞ፣ በደግ ቃል፣ «እትዬ የሺ፣ ልጅዎ መቼ ነው የሚመረቀው?» ይላታል። ሌላ አንድም ነገር አይልም። እሷ መልሳ ሳትጨርስ ፈገግ ብሎ ይሄዳል፤ ነገም በዚያው ሰዓት በዚያው ቃል ይመጣል። የሺ፣ ከዚህስ የውሻ ጩኸት ይሻለኛል ትለኝ ነበር።

ሣህሉ ፈቃድ አግኝቶ በሁዳዴው መገባደጃ በባቡር መጣ። በማግሥቱ ከብት ተራ ሄደ።

ከብት ተራን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ድሬ ጫጫታ የምትወድ ከተማ ናት። መጋላ ገበያ ብትሄዱ ባለሱቁ በሦስት ቋንቋ ይጣራል፤ ጋሪው፣ ሬዲዮው፣ ሻጩ፣ ሁሉም ይጮኻል። ከብት ተራ ስትደርሱ ግን አንድ ሰው የሁሉንም ድምፅ በእጁ የያዘው ይመስል ሰዉ ዝም ይላል። ፍየሉ ይጮኻል፣ ግመሉ ያጉረመርማል፤ ሰው ግን አይናገርም። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ። በመካከላቸው እጃቸውን በፎጣ ሸፍነዋል። አንዱ ወደ ደንገጎ ተራራ ያያል፣ አንዱ ወደ ሰማይ። የፎጣው ጨርቅ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ጣት ጣትን ይጨብጣል፣ ይጫናል፣ ይለቃል፤ እንዲህ ነው የሚከራከሩት። አንድም ቁጥር ከአፍ አይወጣም። ከዚያ እጆቹ ይለያያሉ፣ ግመሉ ባለቤት ይቀይራል፤ በስንት እንደተሸጠ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ አያውቅም።

ሣህሉ ሰላም እያለ እየዞረ ጠየቀ። ከቀበሌ ለዋጋ ቁጥጥር የመጣ ሰላይ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የመንግሥት ተመን ነገሩት። አንዱ አላህ ያውቃል አለው። ሌላው በሶማሊኛ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ዙሪያው የነበሩት ሁሉ አብረው ሳቁ። ሣህሉ እየቆመ እየዋለ ታይዋን ከሚባለው የልብስ ገበያ የገዛው አዲስ ሸሚዝ በላብና በአቧራ መልኩ ጠፋ። በመጨረሻ ዲሪር የሚባል ደላላ አዘነለት። ዲሪር ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው።

«ዋርያ» አለው፣ አንተ ልጅ ማለቱ ነው፣ «አራት ዓመት ተምረህ፣ ፍየል ስንት ነው ብለህ ትጠይቃለህ?»

«አዎ አዴር» አለው ሣህሉ፤ አዴር አጎቴ እንደ ማለት ነው በእነሱ። «አራት ዓመት የተማርኩት እንዴት መጠየቅ እንዳለብኝ ነው፤ መልሱ እናንተ ጋ ነው ያለው።»

መልሱ ዲሪርን ደስ አሰኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስተምረው ያዘ። የትኛው ጣት ስንት እንደሆነ፣ ያው አንድ ጣት ለፍየል ሌላ ለግመል ሌላ መሆኑን፣ መዳፍ መጫን ምን ማለት እንደሆነ አሳየው። የሰውየውን ፊት አታይም፤ ፊት ይዋሻል አለው። እጅ የሰማውን አፍ አይደግምም። ሌላው እጁን ሳይለቅ አንተ ቀድመህ አትጎትትም። ሣህሉ ማታ ቤት ሲገባ የእናቱን እጅ በፎጣ ሸፍኖ የሽሮውን ዋጋ ይከራከራታል፤ እሷም እየሳቀች ጣቱን ትቆነጥጠዋለች። ለተወሰኑ ቀናት ሁሉም ነገር ያማረ ነበር።

ከዚያ ነፋሱ መጣ።

ሰሙነ ሕማማት ነበር፣ ቀትር ላይ። ከደቻቱ ወንዝ በኩል አቧራ ተነስቶ ገበያውን ሞላው። የወንዙ አሸዋ ደረቅ በሆነበት ወቅት እንዲህ ያለ ነፋስ አዲስ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ባለበት ይቆማል። ዲሪር ፍየል ሊያመጣለት ትቶት ሄዶ ነበር። አንድ ረዥም ሰው በአቧራው ውስጥ መጣና ከሣህሉ ፊት ለፊት ቆመ። ፊቱ ተጠቅልሏል፤ ግን የማን ፊት አልተጠቀለለም? የፎጣውን ጫፍ በሣህሉ ክንድ ላይ ጣል አድርጎ እጁን ከሥሩ አስገባ።

ሣህሉ ሊያለማምደው የመጣ ገዥ መሰለው። የሺአረግ ያሳደገችው ልጅ ነውና፣ የሽማግሌ እጅ ሲጨብጥ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ ግራ እጁን በቀኝ ክርኑ ላይ አኖረ። ያን ጊዜ የሰውየው እጅ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ አጥብቆ ያዘው።

ቀዝቃዛ ነበር ይላል። ድንጋይ እንኳ እግር በሚያቃጥልበት ቀትር፣ ቀዝቃዛ። ደግሞም እርጥብ። በጣቶቹ መካከል አሸዋ ነበረበት፤ ደረቅ አሸዋ ሳይሆን ከውሃ ሥር እንደ ወጣ፣ የሚያጣብቅ። እጁ መናገር ጀመረ። ሣህሉ ከሚችለው በላይ ፈጥኖ፣ ረዥም፣ ልክ ብዙ ዘመን ዝም ብሎ የቆየ ሰው እንደሚያወራው። ጠቋሚ ጣት በሚያስፈልግበት ቦታ ጣት አልነበረም፤ በእሱ ፈንታ የጉማጁ አጥንት መዳፉን ጠቅ ጠቅ ያደርግ ነበር። ሣህሉ ግማሹ አልገባውም። ዲሪር እንዳስተማረው ቀድሞ አልጎተተም፤ ፊቱንም አላየም። ነፋሱ ቀስ በቀስ ወደቀ። አቧራው ሲወርድ ክንዱ ላይ ፎጣ አልነበረም፤ ፊት ለፊቱም ሰው አልነበረም። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሷል። እጁ ግን ገና እንደተዘረጋ ነበር።

ዲሪር ፍየሉን እየጎተተ ሲመለስ ሣህሉ፣ ያ ጣቱ የተቆረጠው ሰውዬ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ዲሪር መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ጣቱ የተቆረጠ?»

«ጠቋሚ ጣቱ። በጉማጁ ነበር የሚነካኝ።»

ዲሪር ፍየሉን ለቀቀው። እንዴት አድርገህ ጨበጥከው፣ አሳየኝ አለው። ሣህሉ አሳየው፤ ግራ እጁን በክርኑ ላይ አድርጎ። ዲሪር ይህን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ» አለው፣ «እዚህ ክርንህን ከያዝክ፣ ደላላዬ ሁን ማለት ነው። ጉዳዬን ላንተ ሰጥቻለሁ ማለት ነው።»

«እኔ ሰላም ነው ያልኩት!»

«አንተ ሰላም ነው ያልከው። እሱ ግን ሥራ ተቀብሏል።»

የዚያ እጅ ባለቤት ጉሌድ ነው። ጉሌድ የከብት ተራ አንደኛ ደላላ ነበረ፤ ጣቱን የግመል ገመድ ነው የቆረጠው። ያ ክፉ ጎርፍ የመጣ ዓመት፣ እዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከደንገጎ በላይ የዘነበው ውሃ ደቻቱን ሞልቶ ሲወርድ፣ ጉሌድ በፎጣ ሥር እየተከራከረ ነበር። የሚሸጣት ሴት ግመል የገዛ ልጁ የማርያን ናት፤ ገዥው ከዋሂል የመጣ ፋራህ የሚባል ነጋዴ። ፋራህ የመጨረሻ ዋጋውን በጣቱ ሰጠ። ጉሌድ መልስ ሳይሰጥ ጎርፍ የሚል ጩኸት መጣ። ከወንዙ ውስጥ ሰው ሊያወጣ ሮጦ ወረደ። ከዚያ አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ፎጣው ብቻ ታች ካለው ድልድይ እግር ላይ ተጠምጥሞ ተገኘ።

በከብት ተራ ደንብ ዋጋው በፎጣ ሥር ያለ ከብት ደላላው ሳይለቀው ለሌላ አይሸጥም። ስለዚህ ያቺ ግመል አትሸጥም፤ ማርያን በግቢዋ አስራ ወተቷን ስትሸጥ ኖረች፤ ወተቷም ከደረቀ ሰነበተ። ፋራህም ሌላ ግመል አልገዛም። በየገበያው ቀን ከዋሂል ይመጣል፣ ያኔ በነበረበት ቦታ ይቆማል፣ እጁን ከፎጣው ሥር አድርጎ ይጠብቃል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሰው ማየቱን ለምዶት በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያናግረውም።

ከነፋሱ ቀን ወዲያ ለሣህሉ እጁን የሚሰጠው ጠፋ። አንዱ ፎጣ ሥር ሊገባ እጁን ሲዘረጋ ሰውየው በትሕትና እጁን ወደ ኋላ ይሰበስባል። አንተ ደላላ አለህ ይሉታል። ዲሪር እንኳ እምቢ አለው፤ ሌላ ሰው የያዘውን ጉዳይ የሚነካ ደላላ የለም፣ ጉሌድን ደግሞ እኔ አልነካውም አለው። ቀኖቹ አለፉ። ሠንጠረዡ ባዶ ነው። የሺ ጸበል ካልወሰድኩህ አለች፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ከቢሮ ያለውን ሠንጠረዥ ገልብጠህ ሂድ፣ ማን ያይሃል ብላ ለመነችው። ጥበቃው በጠዋት መጥቶ ጠየቀ። በማግሥቱም መጥቶ ጠየቀ። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባቡሩ ይወስደዋል።

ሣህሉ ሠንጠረዡን አልገለበጠም። የጉሌድን የቀረ ጉዳይ ጨርሶ እንዲለቀው ብሎ ማርያን ጋ ሄደ። ማርያን ድልድዩ አፍ ላይ ወተት ስትሸጥ ሁላችንም እናውቃታለን፤ ያቺ ግመል ከደረቀች ወዲህ የሰው ወተት ተቀብላ ነው የምትሸጠው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። አልደነገጠችም። ጓዳ ገብታ የታጠፈ ፎጣ አምጥታ ሰጠችው።

«አባቴ ሥራ ጀምሮ ጥሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም» አለችው። «ሰው አጥቶ ነው እንጂ።»

አሁን የምነግራችሁን በዓይኔ ያየሁት ነው። ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለፋሲካ በግ ልገዛ ከብት ተራ ሄጃለሁ። ቀትር ሲሆን ገበያው ይሳሳል፤ ሰው ጥላ ፍለጋ ወደ ግራር ሥር ይጠጋል። ሣህሉ ብቻውን መሐል ሜዳ ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁን ዘርግቶ የጉሌድን ፎጣ በላዩ አልብሶታል። ዓይኑ ወደ ተራራው ነው። ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አይነቃነቅም። በዚያን ጊዜ የፎጣው ሌላኛው ጫፍ፣ ያ ከሣህሉ እጅ አልፎ ተንጠልጥሎ የነበረው ጫፍ፣ ከታች እንደተገፋ ቀስ ብሎ ተነሳ። ተነስቶም ቆየ። ክንድ የሚያህል ነገር ከሥሩ ነበረ። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ ይጨብጣል፣ አንዴ ይላላል። ከግራሩ ሥር የነበሩት ፍየሎች በሙሉ ወደዚያ ዞረዋል። አንዱም አልጮኸም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ፎጣው ላልቶ ወደቀ። ሣህሉ የሰው ሐዘን ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ እያለ ወደ ፋራህ ሄደ። ፋራህ ከመጣ ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሣህሉ ምንም ሳይናገር ፎጣውን በሁለቱም ክንድ ላይ አልብሶ እጁን ከሥሩ አስገባ። ፋራህ ሰማዩን እያየ ጣቱን ሰጠው። ጨርቁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፤ ከዚያ ረዥም መጫን፣ ተስማማን ማለት ነው። የፋራህ ዓይን ከሰማዩ ወረደ። በደንቡ ፊት አይታይም፤ እሱ ግን የሣህሉን ፊት ትክ ብሎ አየው።

«ያን ቀን የሰጠሁትን ዋጋ» አለ፣ በቀስታ፣ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ፈልጎ መሰለኝ፣ «እኔና ጉሌድ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ፋራህ እጁን አውጥቶ አየው። እርጥብ ነበር። በቀሚሱ አልጠረገውም፤ በራሱ እስኪደርቅ ዝርግ አድርጎ ያዘው። ዲሪር ከጎኔ ቆሞ በከንፈሩ ይጸልያል። አንድ ሰው ወደ ማርያን ተላከ። ግመሏን ስታመጣ፣ ማንም ሳያዛት ገና ሩቅ ሳለች ግመሏ ወደ ፋራህ መንገድ ጀመረች፤ ማርያን ገመዱን ብትይዘውም የምትጎተተው እሷ ነበረች። ፋራህ በጨርቅ የቋጠረውን ገንዘብ ሰጥቶ ገመዱን ተቀበለ፣ ለማርያን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ ግመሏንም ይዞ ወደ ዋሂል መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ ባዶ ነው። ገበያው ሲጣበብ እንኳ እዚያ ላይ የሚቆም የለም።

እኔ በጉን ሳልገዛ ተመለስኩ። ፋሲካን በዶሮ አሳለፍን።

በሳምንቱ ለሣህሉ አይቼ የማላውቀው ነገር ሆነ። ደላሎቹ ተራ በተራ እጃቸውን ይሰጡት ጀመር። የጉሌድን ጉዳይ የጨረሰ ልጅ ነው፣ እጁ የሰማውን አፉ አይደግምም ተባለለት። ሠንጠረዡ ሞላ፤ የፍየል፣ የበግ፣ የግመል፤ ማን እንደከፈለ ሳይጻፍ ዋጋው ብቻ። የአንዲት ግመል መስመር ብቻ ባዶ ቀረ። ያቺን ሊጽፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ መልሶ አስቀመጠ። እንዲህ ባዶ አድርገህ ካቀረብክ ይጥሉሃል አልኩት። እኔም የሺም ተራ በተራ ለመንነው፤ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ማንስ ያውቃል። ያውቃል አለ፤ ማን እንደሚያውቅ ግን አልነገረንም። ባዶውን ይዞ ባቡር ተሳፈረ።

ከዚያ በኋላ ግንቦት እንዴት እንዳለፈ የሺን ጠይቋት። ሰኔም ገባ። ጥበቃው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ጥያቄውን ሳይጠይቅ ቆሞ ብቻ አይቷት ሄደ፤ ያን ቀን እኔ ቤት አድራ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት የጣቢያው ስልክ ጮኸ። አዲስ አበባ ለገሃር ያለውን አንድ የባቡር ሰው ለምኖ ነው የደወለው። ሣህሉ ነው። ሦስቱ መምህራን ፊት ቀርቦ ሁሉንም መለሰ፤ ከዚያ አንደኛው በባዶው መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ይህን ግብይት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየኸው አንተ ራስህ ነህ ብለሃል፤ ታዲያ ዋጋው የት አለ አሉት። ሣህሉ እንዲህ አላቸው፤ በስልክ ቃል በቃል ነግሮኛል፤

«ጋሼ፣ ያን ዋጋ ብጽፈው ኖሮ ሌሎቹን ዋጋዎች አላገኛቸውም ነበር። እዚያ ገበያ ላይ መረጃ የሚገኘው በዝምታ ነው። ባዶው ቦታ የቀሩትን ቁጥሮች የገዛሁበት ነው።»

መምህራኑ ተያዩ። አንደኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቁት ውጭ ጠብቀን አሉት፤ በሩን ሲዘጋው ፈርመው ነበር። ምደባውን ሲነግሩት ደግሞ፣ ፕላን መሥሪያ ቤት የድሬን ገበያ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ቆይቷል አሉት። እኔ ስልኩን ይዤ እያለቀስኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ፣ እትዬ፣ መስመሩ ሊቋረጥ ነው፣ ለእማዬ ቀድመሽ ንገሪያት ይላል።

ለየሺ ነግሬያታለሁ። ከምትሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ጠብቄ ነው የነገርኳት፤ እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። አሁን ቤቷ ገብታለች። ነገ ጠዋት ጥበቃው ሲመጣ ራሷ በሩን ልትከፍትለት ከአሁኑ ሸማዋን ለብሳ ተቀምጣለች።

ዲሪር ግን ገና አልሰማም። ፀሐይ ወደ ደንገጎ እያዘቀዘቀች ነው፤ ገበያው ሊበተን ነው። ይህን ወረቀት እዚህ ላይ ልተወው፤ ጫማዬን እንኳ በትክክል ሳላስር ልውጣ፤ ጋሪ ካገኘሁ በጋሪ፣ ካላገኘሁ በእግሬ፣ ዲሪር ፎጣውን ከትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ልድረስበት።